የአየር ሁኔታ ጣቢያ ቤታችሁ ለምትተክሉ ልጆች

ልጆቼ፣ የጣቢያውን ንባብ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ስትመርጡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ግራፉ ላይ ነው። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ቆንጆ ግራፍ እወዳለሁ። ግን ዕድሜ ልኬን ከዳታ ጋር ስታገል ስለኖርኩ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ግራፉን በፈለጋችሁ ጊዜ ትሠሩታላችሁ። የትናንቱን ዝናብ ግን ዛሬ መለካት አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይህ ሶፍትዌር ንባቡን የት ነው የሚያስቀምጠው? በአምራቹ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚደረስበት የእሱ ኮምፒውተር) ብቻ ከሆነ ለእኔ አይዋጥልኝም። አገልግሎቱ አንድ ቀን ቢዘጋ የዓመታት ልፋታችሁ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ዊዊኤክስ የሚባለው ሶፍትዌር ንባቡን እናንተው ኮምፒውተር ላይ በኤስኪውላይት ዳታቤዝ፣ ማለትም በአንድ ፋይል ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ፣ ያስቀምጣል። ኩሙለስ ኤምኤክስ የሚባለው ደግሞ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይም ይሠራሉ። ዊዊኤክስ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ኮድ መነካካት ለምትወዱ ይመቻል። ሲሙሌተርም (ጣቢያ አስመስሎ ንባብ የሚፈጥር ክፍል) አለው፤ ጣቢያው እጃችሁ ሳይገባ መሞከር ትችላላችሁ። ብቻ ጣቢያውን ከመግዛታችሁ በፊት ሶፍትዌሩ ያንን ሞዴል እንደሚያነብ አረጋግጡ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው የአየር ግፊት ላይ ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ያለበትን ቦታ ግፊት ነው። ሶፍትዌሩ የነገራችሁትን ከፍታ ይዞ ወደ ባሕር ጠለል ይመልሰዋል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ በየ8 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያህል ይለወጣል። ከፍታውን በ80 ሜትር ብትስቱ ንባባችሁ በ10 ሄክቶፓስካል ገደማ ይዛባል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ማዕበል የመጣ ያስመስላል! በዊዊኤክስ ዳታቤዝ ውስጥ የቦታው ግፊትና የተስተካከለው ለየራሳቸው ዓምድ አላቸው። ጥሬው፣ ማለትም የቦታው ግፊት፣ ካለ ስሕተቱን በኋላም ማረም ይቻላል። ጥሬውን የማያስቀምጥ ሶፍትዌር ግን ምን ይደረጋል?

መብራት ሲጠፋስ? ይህንንም አስቡበት። የዴቪስ ኩባንያ ጣቢያ ዳታ ሎገር (ንባቡን ራሱ የሚያጠራቅም ዕቃ) 2560 መዝገብ ይይዛል፤ በየ5 ደቂቃው ቢመዘግብ ወደ 9 ቀን የሚጠጋ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊዊኤክስ ያመለጠውን ከሎገሩ ጎትቶ ያስገባል። ይህን የማያደርግ ሶፍትዌር መዝገባችሁን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል።

የብዙ ሰው ጣቢያ ንባብ ለሚያሳየው ድረ ገጽ፣ ለዌዘር አንደርግራውንድ፣ መላክ ካማራችሁ ዊዊኤክስም ኩሙለስ ኤምኤክስም ይልካሉ። ላኩ፤ ደስ ይላል። ዋናው ቅጂ ግን እናንተው ዘንድ ይቀመጥ። ራስበሪ ፓይ የምትጠቀሙ ደግሞ ፋይሉን በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ሚሞሪ ካርድ ቀን ከሌት ሲጻፍበት ከርሞ ሳይሰናበት ይሄዳል።