ከበሮው ቤዝመንቴ ውስጥ ነው

አዲስ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ስንቱ ሲመጣ፣ ስንቱ ሲወድቅ አይቻለሁ። ቆጣ ካልኩ ቻሉኝ።

1. ወረቀት። ቀጠሮ አትቅሩ፣ የምትልኩትን ሁሉ ኮፒ አስቀሩ፣ ያልገባችሁን አትፈርሙ። አለቀ።

2. ሥራ። ሁለት ሥራ ያዙ፣ ግድ የለም። እኔም ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ሆቴል ሠርቻለሁ። ግን በሳምንት አንዲት ከሰዓት ለኦቨርታይም አትሽጡ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

3. ሰው። ጣጣው እዚህ ጋ ነው።

እኛ ለሞተ ሰው ጎበዞች ነን። ሰው ሲያርፍ ሬሳውን አገር ቤት መላኪያ በአንድ ሌሊት እናዋጣለን። ለቅሶ ቤቱ ሠፈር መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። ያው ሰውዬ በቁሙ ሁለት ወር ታሞ ሲተኛ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። "አልሰማሁም" ነው መልሳችን። ከየት ትሰማለህ? መቼ ትገናኛላችሁና!

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰበሰብ አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። ታክሲ የሚነዳ፣ አረጋውያን የምትንከባከብ፣ አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ አንድ ጋሼ። ጭውውት እንጽፋለን፣ እንለማመዳለን፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አዳራሽ ተከራይተን እናሳያለን። ችሎታችንንስ ተዉት። መጋረጃችን የአልጋ አንሶላ ነበር።

ነገር ግን ልምምድ ላይ የቀረ ሰው ይታወቃል። አንዷ ሁለት ቅዳሜ ብትቀር ጋሼ "ተነሱ" አሉንና ቤቷ ሄድን። ለካ ከሥራ ተባርራ፣ ኪራይ ሳትከፍል፣ አፍራ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። የዚያን ወር ኪራይ ከመግቢያ ትኬት ካጠራቀምናት ከፈልን። ማመልከቻ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ እሱ ጋ ሥራ አስገባት። በሦስተኛው ቅዳሜ መድረክ ላይ ቆማ ያንኑ ልጅ ስታዋርደው ነበር፤ ድርሰቱ እንደዚያ ይላላ።

ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰጧት። እንስራ ይዛ ትገባና "እማዬ፣ ምንጩ ደርቋል" ትላለች። "ጩ" አልወጣ ብሏት "ምንቹ" ትላለች። ስንት ቀን መኪና ውስጥ ስንለማመድ! በመጨረሻ መድረክ ላይ አጥብቃ ስትለው አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ከዚያ የ1997ቱ ምርጫ መጣ። አገር ቤት ተናወጠ፣ እኛም አብረን። መድረክ ላይ የሚሰቀለው ባንዲራ ኮከብ ያለው ነው ወይስ ልሙጡ? በዚህ ተጣላን። ኮሚቴ ተመረጠ። ኮሚቴ ሲመረጥ ልምምድ ቆመ። አንድ ቅዳሜ ጋሼ "እረፉ እንጂ ልጆች" ቢሉ "የእርስዎ ወገን ይረፍ!" ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምንም አልመለሱም። ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው ወጡ፤ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ። የነገራቸው ሰው የለም። እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

ጋሼ ካቻምና አረፉ። ሬሳ መላኪያ 200 ዶላር አዋጣሁ። እኔም ያው ነኝ።

ልጄ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ከአማርኛ የቀራት ያችው ዓረፍተ ነገር ናት። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ትለዋለች፣ "ጩ"ን አጥብቃ። እናቴ ደግሞ ሁሌ ትደነግጣለች፦ "ምነው፣ እዚያም ውሃ ይጠፋል እንዴ?"

ሰልፉንም ልንገራችሁ። ሰልፍ የምንወጣው ለአገር ቤት ብቻ ነው። ለምንኖርበት ሰፈር ማን ይጩህልን? ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ቅጾችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነው። ከሰማይ አልወረደም፤ የስደተኛ ማኅበራት ተባብረው የገፉት ነው። እናንተ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ታስተረጉማላችሁ። የእናቱን የደም ምርመራ ውጤት ሕፃን ይተርጉመው?

ቤሩት ያሉትን እህቶቻችንን ተመልከቱ። እኛ ግሪን ካርድ ይዘን የምናለቅሰውን ያህል እነሱ አላለቀሱም። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት ፓስፖርት አሠሪ እጅ በሚቀርበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 "እኛ ለኛ በስደት" የሚል ማኅበር አቋቋሙ። የቤት ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ እየጣሉ ሄዱ። በዚያ ችግር መሀል ማኅበሩ ምግብና የኪራይ ገንዘብ ይዞ ይዞር ነበር። የዕረፍት ቀን እንኳን እንደልብ የሌላቸው ሰዎች! እኛ በዙም ሊቀመንበር እንመርጣለን።

4. ገንዘብ መላክ። ብዙ ልጽፍ ነበር፣ ሦስተኛው በላብኝ። ቤት ስትሠሩ ካርታው በስማችሁ ይሁን።

5. ከበሮው። የጭውውት ቡድናችን ለሁለት ሲከፈል ንብረት ተካፈልን። አንሶላው እንኳን ተቆጥሯል። ከበሮው ግን ለሁለት አይቆረጥ፣ "እስክንታረቅ" ተብሎ እኔ ቤዝመንት፣ ማሞቂያው ጎን ተቀመጠ። ሰሞኑን አውጥቼ አየሁት። በአንድ በኩል ቆዳው ረግቧል፣ ፀሐይ ቢያገኝ ይወጠራል። ከሁለቱም ወገን አይደላችሁም፣ ስለዚህ ውሰዱት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። በጓሮ በኩል ግቡ፣ የፊቱ በር ደወል አይሠራም።