ፈርታችሁም ጸልዩ

ውድ ልጆቼ፣

«ከፈራህ አላመንክም ማለት ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩት እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ እኖራለሁ። የሚፈራ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ የመጣች፣ የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ፣ ልጁ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባበት። ከእነሱ ውስጥ እምነታቸው እንደ ጦሳ ተራራ የጸና ነበሩ። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የእናንተ ፍርሃትም ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመርቆ ሥራ ያጣው አለ። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለመግባት ደላላ የሚያነጋግረው አለ፤ ወንድሙ በዚያው መንገድ ወጥቶ ድምፁ የጠፋበትም አለ። ከጦርነቱ ወዲህ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ልጅ አውቃለሁ። ታዲያ ብትፈሩ ምን ይገርማል?

ኤልያስን አስቡት። በቀርሜሎስ ተራራ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ ጸሎቱ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ወዲያው ንግሥት ኤልዛቤል «እገድልሃለሁ» ብላ ስትልክበት ግን ፈርቶ ሸሸ። በረሃ ገባና አንዲት ክትክታ ሥር ተቀምጦ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት» አለ። ክትክታ እኛ አገር የሌለበት ጋራ የለም። ስለዚህ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ሰውየው እዚሁ ሐይቅ መንገድ ዳር የተቀመጠ ይመስለኛል።

እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልተቆጣውም። «ትናንት ያን ሁሉ ተአምር አይተህ ዛሬ ትፈራለህ?» አላለውም። መልአክ ላከለት። መልአኩም ስብከት አልጀመረም፤ ነካ አድርጎ «ተነሥና ብላ» አለው። ራስጌው እንጎቻና ውሃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ድጋሚ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ያ «ግደለኝ» ያለ ሰው በዚያ ምግብ ብርታት 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ።

እኔ በሙያዬ ምክንያት ይሄን ቦታ በጣም እወደዋለሁ። ያልበላና ያልተኛ ሰው ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አለቀልኝ ያሰኘ ጉዳይ፣ ከቁርስ በኋላ ስታዩት መጠኑ ሌላ ነው። ስለዚህ ስትፈሩ መጀመሪያ ብሉ። ስልኩን አስቀምጡና ተኙ። ይሄም የእግዚአብሔር እጅ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሁሌ ይመጣል። «በ77 ድርቅ እግዚአብሔር የት ነበር?» ትሉኛላችሁ። ወሎዬ ይሄን ለመጠየቅ መብት አለው። ያኔ ጀማሪ ሠራተኛ ሆኜ ባቲ መጠለያ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት አስከሬን ይወጣ ነበር። በዚያ ወቅት «ይሄ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ያንን አባባል አልወደውም። ዝናብ ጠፍቷል፣ እውነት ነው። ጦርነትም ነበር። ደግሞ ደርግ መስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ረሃቡ እንዳይወራ ተደርጓል። በንጉሡ ጊዜም የ1965 እና የ66ቱ የወሎ ረሃብ እንዲሁ ተደብቆ ነበር። ሰው የሠራውን በፈጣሪ አታላክኩ። እኔ እዚያ ያየሁት፣ የራሷን ልጅ ቀብራ ስትመለስ የሌላ ሴት ሕፃን ታቅፋ ገንፎ የምታጎርስ እናት ነው። እግዚአብሔር የት ነበር ስባል የማሳየው እሷን ነው።

«ከእኛ ጋር ነው» ማለት እሳቱ ይጠፋል ማለት አይደለም። ሠለስቱ ደቂቅ፣ እነዚያ በባቢሎን የነበሩ ሦስት ወጣቶች፣ ጣዖት ስገዱ ላላቸው ንጉሥ የመለሱትን አስታውሱ፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ከእሳቱ አልቀሩም፣ ተወረወሩበት። እግዚአብሔር የላከላቸው አራተኛው አብሯቸው የታየው እዚያው እሳቱ ውስጥ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከነልጆቻቸው እኛ ቤት አደሩ። የኛ ቤት ግድግዳ ወፈር ይላል ብለው ነው። ተኩሱ ሲበረታ እኔ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፣ የጎረቤቶቻችን አባት በሙሰብሃቸው፣ በመቁጠሪያቸው፣ ዚክር ያደርጋሉ፣ መሐል መሐል «አብሽሩ ልጆች፣ አላህ አለ» ይላሉ። ሁላችንም ፈርተን ነበር። ግን ማንም ብቻውን አልነበረም። በማግስቱ የነበረችውን ዱቄት ተካፍለን ጋገርን።

ጸሎታችሁንም አታሳምሩት። ዳዊት እንኳ «አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ጮኋል። በዚያው መዝሙረኛ አፍ ነው «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም» የተባለውም። «ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ» ማለት በቂ ጸሎት ነው። ቃል ከጠፋባችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ሌላው፣ እምነት አለኝ ብላችሁ መድኃኒት አታቋርጡ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ጸበል ገብተው የሚጥል በሽታ ኪኒናቸውን ጥለው የመጡ ወጣቶችን ተቀብያለሁ፤ የደረሰባቸውን ማየት ያሳምማል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አይጣሉም ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ጸበሉንም ጠጡ፣ ኪኒናውንም በሰዓቱ ዋጡ።

ጓደኛችሁ ሲፈራ ደግሞ ጥቅስ ልካችሁ አትቅሩ፤ ሂዱ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ ሳይጠራ ይመጣል። ሰው በሕይወት እያለ ሲጨነቅም እንዲሁ እንምጣ። በልቶ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ወስዶት እንደሆነ ጠይቁት። ቡና ይፈላ። ያውራ፣ አታቋርጡት። እንደ ኤልያስ «በቃኝ፣ መሞት እፈልጋለሁ» ካለ ግን ነገሩን በቀልድ አትለፉት፣ ምስጢሩን ልጠብቅ ብላችሁም አትደብቁለት። ለብቻው ሳትተዉት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ጸሎቱን መንገድ ላይ፣ አብራችሁ እየሄዳችሁ ማድረስ ትችላላችሁ።