«ስንት ነበር?»

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ልገዛ አሞራ ገደል ወርጄ የጎረቤቴን ልጅ አገኘኋት። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ኮርሷን ጨርሳ፣ ምድብ እስኪደርሳት ሐዋሳ እናቷ ጋ ያለች ልጅ ናት። ሐይቁ መናወጥ ጀምሯል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ይጎትታሉ፤ ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ደግሞ የዓሣ ራስ መሻማታቸውን ትተው ሁሉም ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ቆመዋል። ልጅቷ እነሱን እያየች «ጋሼ፣ የጎን ነፋስ ሲበረታ ይረፍ አይረፍ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ታወሩ ነው ፓይለቱ?» አለችኝ። ታወር የምትለው እኛ ተቆጣጣሪዎች የምንቀመጥበትን ማማ ነው።

«ካፒቴኑ ነዋ!» አልኳትና ቆሮሶዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መልሱ ትክክል ነው፤ ፈተና ላይ ብትጽፉት ሙሉ ማርክ ያሰጣችኋል። እኔን ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን የምጽፍላችሁ በዚያ ምክንያት ነው፤ ለእሷም፣ ታወር ለምትገቡትም፣ ለምታበሩትም።

ነገሩ የሆነው በየካቲት 1986 ዓ.ም. ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ትንሽ ኤርፖርት በተቆጣጣሪነት ተመድቤ እሠራ ነበር። መንደርደሪያው ጠጠር ነው፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተዘርግቷል። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ነፋስ መለካት ሳይሆን ፍየል ማባረር ነበር። በተለይ አንድ ቀይ ሙክት ነበር፤ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሌሎቹ ሲበታተኑ እሱ መንደርደሪያው መሀል ቆሞ ያመሰኳል። ለፋሲካ ታረደ ሲሉኝ አዘንኩም፣ ደስም አለኝ።

የነፋስ መለኪያው ከተርሚናሉ ጀርባ፣ 10 ሜትር ምሰሶ ላይ ነው የተተከለው። ሲተከል አካባቢው ሜዳ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ግን በምሥራቅ በኩል ያለው ባሕር ዛፍ አድጎ ምሰሶውን በልጦ ነፋሱን ይከልለዋል። ሁላችንም እናውቃለን። ደብዳቤ ጽፈናል፤ ደብዳቤው ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ውስጥ ገብቷል። ከሌላው ጫፍ ደግሞ ዊንድሶኩ አለ፣ ብርቱካናማው ከረጢት። ከረጢቱን ግን ብዙ አትመኑት። 15 ኖት ላይ (ኖት የነፋስ ፍጥነት መለኪያችን ነው) ተነፍቶ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በላይ 20ም ይሁን 40 መልኩ ያው ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ባለ ሁለት ሞተር ፕሮፔለር አውሮፕላን ከደቡብ በኩል ፋይናል፣ ማለትም ለማረፍ የመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ፣ ገባ። ካፒቴኑን በድምፁም በአካልም አውቀዋለሁ፤ እኔ ሱሪ ሳልታጠቅ ጀምሮ የሚያበር ሰው ነው። ነፋስ ጠየቀኝ። መርፌውን አየሁና «070፣ 18 ኖት» አልኩት። 070 ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው፣ ከሰሜን 70 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ፤ ወደ ሰሜን ለሚያርፍ አውሮፕላን ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ከጎን ነው ማለት ይቻላል። እኛ ዲግሪውን እንደ ሰዓት ደቂቃ ቆጥረን ነበር የምናሰላው፦ የነፋሱና የመንደርደሪያው አቅጣጫ ልዩነት 15 ዲግሪ ከሆነ ሩብ፣ 30 ከሆነ ግማሽ፣ 45 ከሆነ ሦስት ሩብ፣ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ያለው በሙሉ ከጎን ይቆጠራል። ሳይንና ኮሳይን የሚያስፈልገው አልነበረም። አሁን ስልካችሁ ያሰላላችኋል፤ ይኸውም ጥሩ ነው፣ እኔም ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ የነፋሱን ካርታ የማየው በስልክ ነው።

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየመጣ ነው። ቆንጆ አያያዝ ነበር። በዚያ መሀል በስተምሥራቅ ካለው እርሻ ላይ አቧራ ተነሣ። ሽክርክሪት አይደለም፣ ሽክርክሪት ለምደናል። ከዳር እስከ ዳር እንደ ግድግዳ የቆመ አቧራ ነው፣ ወደ መንደርደሪያው እየመጣ ያለ። ከአጥሩ ውጭ የነበረው እረኛ ጋቢውን በሁለት እጁ ጨምድዶ መሬት ላይ ሲቀመጥ አየሁት። የእኔ መርፌ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ሆኖ አሁንም 18 ላይ ነው። ማይክሮፎኑ በእጄ ነው፤ አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ምናልባት አሥር ሰከንድ ነበረኝ።

አልተናገርኩም።

ለምን? ቢያንስ ሦስት ምክንያት መደርደር እችላለሁ። መሣሪያው ሌላ ቁጥር አላሳየም፤ ሾርት ፋይናል ላይ ያለን፣ ሊያርፍ ጥቂት የቀረውን፣ ፓይለት አታስቸግሩ ተብለን ነው የተማርነው፤ ካፒቴኑም ዓይን አለው። እውነተኛው ምክንያት ግን አራተኛው ነው፤ አፈርኩ። ያን ጊዜ ካፒቴን ማለት እንደ ደጃዝማች ነው። «አቧራ መጣብህ» ብዬው ምንም ሳይሆን ቢያርፍ፣ ማታ ክበብ ውስጥ መሳቂያ የምሆነው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የቀኙ ጎማ መሬት ነካ፤ ቀጥሎ የግራው፤ ከዚያ አፍንጫው። እንደ መጽሐፍ ነበር። እኔም እፎይ ብዬ ማይክሮፎኑን አስቀመጥኩ። የማይረሳኝ ይህ ማስቀመጤ ነው፤ ምክንያቱም ክፉው ጊዜ ከዚያ በኋላ ነበር። አየር ላይ እያለ የጭራው መሪ በቂ አየር ስለሚያገኝ ጉልበት አለው። መሬት ከነካ በኋላ ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር መሪው እየደከመ ይሄዳል፤ ነፋሱ ግን አይደክምም። ነፋሱ የጭራውን ትልቅ ክንፍ ይገፋዋል፣ አፍንጫው ደግሞ እነዚያ አባ ኮዳዎች እንዳደረጉት ወደ ነፋሱ ይዞራል። አቧራው አውሮፕላኑን የሸፈነው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ሲገለጥ መንደርደሪያው ላይ የለም። በቀኝ በኩል ወጥቶ የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሯል፣ አንዱ ፕሮፔለር ተቆልምሟል።

ሰው አልሞተም። ሮጬ ስደርስ ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ወርደዋል። አንዲት ነጭ የለበሱ እናት አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ ጠጠሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ የኤርፖርቱ ዘበኛ መስያቸው «ልጄ፣ ውኃ አምጣልኝ፣ ጫማዬንም ፈልግልኝ» አሉኝ። ጫማቸውን ፈልጌ አገኘሁት። በዚያን ዕለት ለሰው የሠራሁት ጠቃሚ ነገር እሱ ብቻ ይመስለኛል።

አመሻሹ ላይ ካፒቴኑ ታወር ወጣ። ሻይ ቀዳሁለት፤ ስኳር አልጨመረም። በመስኮቱ ወደ ባሕር ዛፉ ብዙ አየና «ስንት ነበር?» አለኝ።

«18» አልኩት።

«እጄ ላይ የነበረው 18 አይደለም» አለ። አልተቆጣም። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወረደ።

አጣሪዎች መጡ። የሰጠኸው ነፋስ ስንት ነው? 18። መሣሪያው ያሳየው ስንት ነው? 18። ፈርም፤ ፈረምኩ። ዓይንህ ምን አየ ያለኝ የለም፤ ካልተጠየቅኩ ብዬ እኔም አልነገርኳቸውም። ባሕር ዛፉ በወሩ ተቆረጠ። የሪፖርቱ መደምደሚያ ግን ፓይለቱ አቅጣጫ መቆጣጠር አቃተው የሚል ነበር፤ ካፒቴኑ ለወራት ከበረራ ታገደ። በኋላ ተመልሶ አበረረ፣ ጡረታም ወጣ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ስለ ልጆቹ አወራን። አቧራውን አልነገርኩትም። አሁን በሕይወት የለም።

ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የደረሰውን የዴንቨሩን አደጋ ሪፖርት ሳነብ ገጹን መግለጥ አቅቶኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2008፣ 115 ሰው የጫነ ቦይንግ 737 ለመነሳት ሲንደረደር በግራ በኩል ከመንደርደሪያው ወጥቶ ተቃጠለ፤ ደግነቱ የሞተ የለም። ታወሩ የሰጣቸው ነፋስ 27 ኖት ነበር። የመታቸው ድንገተኛ ግፊት እስከ 45 ኖት ደርሷል። ኤርፖርቱ ውስጥ ሌሎች የነፋስ መለኪያዎች ነበሩ፤ ለፓይለቶቹ የተነበበላቸው ግን የአንዱ ነው። መርማሪዎቹ ካፒቴኑ መሪውን መርገጡን አቋርጧል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የተነበበውንም ቁጥር ጽፈውታል። እኔ ቁጥሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እዚያ ባሕር ዛፍ እንኳ የለም።

እንግዲህ ምክር በሉት። ታወር የምትሰጡት ቁጥር የ2 ደቂቃ አማካይ ነው፤ በየሰዓቱ የሚወጣው የአየር ጠባይ ዘገባ ላይ ያለው ደግሞ የ10 ደቂቃ። አማካይ ማለት ጉብታው የተደለደለ ማለት ነው። ግፊቱ ከአማካዩ በ10 ኖትና ከዚያ በላይ ሲበልጥ ለብቻው ይነገራል፤ ይህ ደንብ ነው፣ ምርጫ አይደለም። መሣሪያው ያልያዘውን ዓይናችሁ ከያዘው ግን «አቧራ ወደ መንደርደሪያው እየመጣ ነው» ለማለት ቁጥር አያስፈልግም። አምስት ቃል ናት። ካፒቴኑ ይወስናል ብያለሁ፤ ይወስናል፣ ግን በያዘው ነው የሚወስነው።

ሾርት ፋይናል ላይ ፓይለቱን አታናግሩት ብዬም ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። እሱንም አላነሣም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም።

ለምታበሩት ጥቂት ብቻ፣ የቀረውን አስተማሪዎቻችሁ ነግረዋችኋል። መጽሐፉ ላይ «የተረጋገጠ የጎን ነፋስ» የሚለው ቁጥር የአውሮፕላኑ ጣሪያ ላይሆን ይችላል፤ የሙከራ ፓይለቱ ያረፈበት ነፋስ ነው፣ እናንተ ደግሞ የሙከራ ፓይለት አይደላችሁም። ሐዋሳ ሐይቁ ራሱ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ጠቋሚው ያው ፍጥነት እያሳያችሁ መሬቱን የምትነኩት ከባሕር ጠለሉ በ10 በመቶ ያህል ፈጥናችሁ ነው፤ ማቆም ያለባችሁ ጉልበት ደግሞ በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል። መንደርደሪያው እርጥብ ሆኖ፣ አፍንጫችሁ ወደ ነፋሱ ዞሮ ሪቨርስ (አውሮፕላኑን ለማቆም የሞተሩን ግፊት የሚገለብጠውን) ከሳባችሁ፣ ሪቨርሱ ራሱ ነፋሱ ወደሚገፋችሁ ጎን ይጎትታችኋል። ሪቨርሱን ቀንሱ፣ ፍሬኑን ልቀቁ፣ መጀመሪያ ቀጥ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገርና ተቀየሙኝ። እናንተ በስልክ ለሚኒስትርም መልስ ትሰጣላችሁ። ለጉብኝት ወደ ታወር በወጣሁ ቁጥር የማየው ግን አንገቱን ስክሪን ላይ የደፋ ልጅ ነው፤ አለቃ ሲገባ ጭጭ ይላል። እኔም እንደዚያው ስለነበርኩ ነው የማውቀው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እኛ የዚያች ልጅን ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ አንድም ሰው በመካከላችን አልነበረንም።

አንቺ ልጅ፣ ምድብሽ ሳይደርስ እሁድ ቡና ላይ ነይ። የዚያን ጊዜ የግል ማስታወሻ ደብተሬ አለ፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል እንጂ ይነበባል። የካቲት ላይ «8፡30፣ 070፣ 18 ኖት» የሚል በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ ቢክ የተጻፈ መስመር ታገኛለሽ። ከጎኑ ለማስታወሻ የተተወ ሰፊ ቦታ አለ። ባዶ ነው።