መልስ፦ በሪሞት የምትበር ትንሽ አውሮፕላኔን ገጣጥሜ ጨርሻለሁ፣ ከማብረሬ በፊት ምን ልፈትሽ?

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ! ሞተሩም ሰርቮዎቹም (የክንፏንና የጭራዋን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዞሩት ትንንሽ ሞተሮች) ይሠራሉ ብለሃል፤ ጥሩ ነው። ግን ሳትቸኩል መጀመሪያ ሚዛኗን እይ። ባትሪውን ቦታው ላይ አስገባና ክንፎቿን ከሥር በሁለት ጣቶችህ ደግፋት። መመሪያው የሚዛን ነጥቡን ካልነገረህ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የወርዱ (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ስፋት) ሩብ ገደማ ላይ ጀምር። ወርዱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ 5 ሳንቲሜትር ማለት ነው። አፍንጫዋ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ቢል ችግር የለውም። ጭራዋ ከከበደ ግን በፍጹም እንዳታበርራት! አየር ላይ እሺ አትልህም። ባትሪውን ወደ ፊት ግፋው።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩን ፍታና ከኋላዋ ቆመህ ሪሞቱን ሞክር። ዱላውን ወደ ቀኝ ስትገፋ የቀኙ ኤሌሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ መነሳት አለበት። ወደ ራስህ ስትስበው ደግሞ ኤሌቬተሩ (ጭራዋ ላይ ያለው አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ። የእኔ የመጀመሪያዋ የተሰበረችው ኤሌሮኑ በተቃራኒው ይሠራ ስለነበር ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

አዲስ አበባ ነኝ ስላልክ ደግሞ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለመነሳት ተጨማሪ ፍጥነት ትፈልጋለች። ማለዳ ነፋሱ ሳይበረታ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ሂድ፤ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙረህ አስነሳት።