መልስ፦ የንባብ ድምፅን ከፕሮግራም ውስጥ ስለመቆጣጠር

በሲ ሻርፕ በሚሠሩት የዊንዶውስ ፕሮግራም ጽሑፍ ሲነበብ መስኮቱ ለምን እንደሚደርቅና የድምፁ ፍጥነትና ቅጥነት እንዴት እንደሚስተካከል ጠይቀዋል። መስኮቱ የሚደርቀው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው የ«ስፒች ሲንተሳይዘር» ክላስ «ስፒክ» የተሰኘው ሜተድ (ተጠርቶ ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል) ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ የተጠራበትን ትሬድ (የፕሮግራሙን የሥራ መስመር) ይዞ ስለሚቆይ ነው፤ በምትኩ «ስፒክ አሲንክ»ን ቢጠሩ ንባቡ ከበስተጀርባ ይቀጥላል። ሆኖም ተጠቃሚው አዝራሩን በተደጋጋሚ ሲጫን ጽሑፎቹ ወረፋ ይዘው በየተራ ስለሚነበቡ (ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው) ከአዲስ ንባብ በፊት «ስፒክ አሲንክ ካንስል ኦል» በማለት ወረፋውን ማጽዳት ይገባል። ፍጥነቱን «ሬት» ከ-10 እስከ 10፣ የድምፁን መጠን ደግሞ «ቮልዩም» ከ0 እስከ 100 ባለው ክልል ይወስናሉ። ቅጥነትና ውፍረት ግን እንደ «ሬት» እና «ቮልዩም» የራሱ ፕሮፐርቲ (ዋጋ የሚሰጠው መቼት) ስለሌለው፣ ጽሑፉን በኤስኤስኤምኤል (ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ በምልክቶች የሚገለጽበት ቋንቋ) «ፕሮሶዲ» በሚባለው ታግ ውስጥ አስገብተው «ፒች» የሚለውን ዋጋ ከሞሉ በኋላ በ«ስፒክ ኤስኤስኤምኤል አሲንክ» ማስነበብ ይኖርብዎታል።