በጾም ወቅት ለአይሁድ የፋሲካ ማዕድ ብንጋበዝስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በኖርዌይ፣ በትሮንድሄም ከተማ ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት አይሁዳዊት መጋቢት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ማኅበራቸው በሚያዘጋጀው የፋሲካ ማዕድ ላይ እንድገኝ ጋብዛኛለች። ሴደር ይሉታል። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ በአንድነት ያከብራሉ። እኛ ጾም ላይ ነን፤ ሃይማኖቱም የእኛ አይደለም። ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እንግዳ ሆኖ መገኘትና በዓሉን የራስ አድርጎ ማክበር ለየቅል ናቸው። የሎዶቅያ ጉባኤ በ38ኛው ቀኖናው ከአይሁድ የበዓል ቂጣ መቀበልን ከልክሏል። ይህን ይዘው «በጭራሽ አትሂጂ» የሚሉ አባቶች አሉ፤ ስለዚህ አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እኔ ግን ክልከላው ምእመናን በሁለት ፋሲካ መካከል እንዳይዋልሉ እንጂ ጎረቤትን እንዲሸሹ ነው ብዬ አላምንም። «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዶአልና» (1ኛ ቆሮ. 5፥7) የሚለውን ይዘው ይሂዱ፤ የተባረከውን ቂጣ፣ መራራውን ቅጠልና አራቱን የወይን ጽዋ ግን ለባለቤቶቹ ይተዉላቸው። ለምን እንደተዉ ቢጠይቁዎት በትሕትና ይናገሩ።

ቀኑ በኒቆዲሞስ ሳምንት ረቡዕ ላይ ይውላል። ያ የአይሁድ አለቃም በሌሊት ነበር የሄደው! በማዕዱ ላይ በጨው ውሃ የሚነከር እንቁላል፣ የዶሮ ሾርባና ሥጋ አይጠፋምና ድንችና ሰላጣ እንዲያስቀምጡልዎ ለጋባዥዎ ቀድመው ይንገሯት። ስለ ምግብ ሕግ አይሁዳዊን ማስረዳት አያደክምም። ስጦታ ካሰቡ አበባ ይውሰዱ፤ ዳቦና ጠላ በዚያ ሳምንት ከቤታቸው አይገባም።

በዕድሜ ትንሹ ልጅ «ይህ ሌሊት ከሌሎች ሌሊቶች በምን ይለያል?» ብሎ ሲጠይቅ ታላላቆቹ ከግብፅ የወጡበትን ታሪክ በመተረክ ይመልሳሉ። ኦሪት ዘፀአት 12፥26 እንዳዘዘው ማለት ነው። ልብ ብለው ያድምጡ። በኋላ ለነቢዩ ኤልያስ በር ተከፍቶ «በማያውቁህ አሕዛብ ላይ መዓትህን አፍስስ» የሚለው ቃል ይነበባል። እንዳይደነግጡ፤ እኛም በዳዊት የምንጸልየው ነው። በአውሮፓ በፋሲካ ሰሞን አይሁድ በሐሰት እየተከሰሱ ብዙ ደም ፈስሷል፤ የትሮንድሄሙን ምኩራብም ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ወርሰውት ነበር። እንዲህ ያለ ማኅበር በሩን ሲከፍትልዎ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ እከለክላለሁ። በአንዳንድ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ሴደርን ወስዶ «ቂጣው ክርስቶስ ነው፣ ጽዋው እንዲህ ነው» እያሉ ማክበር ተለምዷል። ይህ የሰውን ጸሎት ከአፉ መንጠቅ ነው፤ እኛም ጸሎተ ሐሙስ እያለን ምን ጎድሎብን? ደግሞም ዛሬ የምናየው ሥርዓት በአብዛኛው ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ የተደራጀ ነው። የአገራችን ቤተ እስራኤላውያን እንኳ በጥንቱ ልማዳቸው በግ አርደው ቂጣ ይበሉ ነበር እንጂ ሴደር የሚመራበትን ሀጋዳ የተባለ መጽሐፍ አያውቁትም ነበር። ስለዚህ «ጌታ የበላው ይህንኑ ሴደር ነው» ለሚልዎት አይቸኩሉ።

ውለታዋን መመለስ ከፈለጉ ለትንሣኤ፣ ሚያዝያ 4፣ ይጋብዟት። በዚያን ጊዜ የቂጣ በዓላቸው ስለሚያበቃ ዳቦ መቁረስ ትችላለች። ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር አይቀላቅሉምና በቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ አያቅርቡላት፤ ሥጋም ቢሆን በሕጋቸው ካልታረደ ላትበላ ትችላለች። በዘይት የተሠራ ሽሮ ይበቃታል።