መጀመሪያ መርፌዋን አንስታችሁ ለኩ

በዓይን የማይታዩ ትራንዚስተሮችን የምትለኩበትን መሣሪያ በራሳችሁ እጅ ለመሥራት የተነሳችሁ ተማሪዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ማይክሮስኮፑን፣ የተንግስተን መርፌዎቹን፣ መርፌዎቹን በማይክሮሜትር የሚያንቀሳቅሱትን ብሎኖች አንድ በአንድ ትጨርሷቸዋላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ፣ ከአንድ ዳዮድ፣ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፍ ዕቃ፣ የሚሾልከውን ከረንት ሦስት ሳምንት ሙሉ ለካሁ። ግራፉ ያምር ነበር። አንድ ቀን ግን መርፌዋን ከናሙናው ላይ ባነሳትም ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ለካስ ከረንቱ የሚያልፈው በጣቴ ወዝ በቆሸሸው የሰርኪዩት ቦርድ ላይ ኖሯል። ያን ቀን የተሰማኝን ድንጋጤ እናንተ እንዳታዩት እፈልጋለሁ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 1 ፒኮአምፔር፣ ማለትም የአምፔር አንድ ትሪሊዮንኛ፣ በሰከንድ 6 ሚሊዮን ገደማ ኤሌክትሮን ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ተቃውሞው 1 ሚሊዮን ሜጋኦም የሆነ ፕላስቲክ እንኳ በ1 ቮልት ይህንኑ ያህል ያሾልካል። በዚህ ደረጃ «ከረንት አያሳልፍም» የምንለው ነገር ሁሉ ትንሽ ያሳልፋል።

መፍትሔው ጋርድ ይባላል፤ እስከ ዛሬ የምወደው ሐሳብ ነው። የምትለኩበትን ሽቦ በሌላ ሽፋን ትከቡታላችሁ። ሽፋኑን ከሽቦው ጋር እኩል ቮልቴጅ ላይ ትይዙታላችሁ። በሁለቱ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ከሌለ፣ በመሐላቸው ያለው ፕላስቲክ የፈለገውን ያህል ደካማ ቢሆን ከረንት የሚገፋው ነገር የለም። ሾልኮ የሚሄደውን የሚሸከመው ጋርዱ ይሆናል፤ እናንተ የምታነቡት ውስጥ አይገባም።

የማይክሮስኮፑንም መብራት ስትለኩ አጥፉት፤ ሲሊከን ብርሃን ሲያርፍበት ከረንት ይሰጣል። ኬብሎቹን እሰሯቸው፤ ሲወዛወዙ ውስጣቸው እየተፋተገ ቻርጅ ይፈጥራሉ። ናሙናውን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ የእጅ አንጓችሁን ከግራውንድ ጋር አገናኙ። ስንራመድ ሰውነታችን በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል። ከትራንዚስተሩ ጌት (ከረንቱን ከሚቆጣጠረው ጫፍ) ሥር ያለው ከረንት የማያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ ኦክሳይዱ፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከሆነ፣ ጥቂት ቮልት ይበሳዋል።

መሣሪያው ሲያልቅ ትራንዚስተር ላይ ለመሞከር እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ፤ እኔም ቸኩዬ ነበር። እባካችሁ፣ መጀመሪያ 1 ጊጋኦም ሬዚስተር አስገቡና 1 ቮልት ስጡት። 1 ናኖአምፔር (1,000 ፒኮአምፔር) ካላነበበ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ፈትሹ። ካነበበ ሬዚስተሩን አውጡና መርፌዋ አየር ላይ ሳለች ለኩ። የወጣውን ቁጥር ከነቀኑ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።